የሦስተኛው ምዕራፍ ሁለተኛ ምስክር

ቁሰንጢና፣ በጽጌረዳው ሰሞን

ለጥንዴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እነዚያ በሄድሽበት ሁሉ ሦስት ረድፍ ወንበር የሚሞሉልሽ አክስቶችሽ እንዴት ናቸው? የእናትሽ ጉልበት ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃ ባየች ቁጥር ደረጃውን የሠራውን ሰው ትረግማለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። እናቴም ደኅና ናት። ላንቺ እየጻፍኩ መሆኔን ብታውቅ ኖሮ የእሷን ሰላምታ ከኔ አስቀድሜ እንዳሰፍር ታዘኝ ነበር፤ ዱሮም ከኔ ይልቅ ላንቺ ታደላለች።

ሰባት ዓመት ሙሉ በዒድ ቀን በስልክ ከምንላላከው ሁለት መስመር በቀር ምንም ጽፌልሽ አላውቅም። አሁን በፖስታ የታሸገ ወረቀት ሲደርስሽ እንዳትደነግጪ፤ የሞተ ሰው የለም። ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት በሄዱበት ሰዓት ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የምነግርሽ ነገር የመምህርነት ወንበሬን ሊያሳጣኝ የሚችል ነው፤ ለእናቴ እንኳን ገና አልተነፈስኩም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ቀንቼብሻለሁ። ዱሮ ቀንቼብሽ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አሁንም፣ ይህን ስጽፍ ራሱ እየቀናሁ ነው። አንቺ ጉልማ ከተማ የአራተኛ ክፍል ልጆች ታስተምሪያለሽ፤ እኔ በሩ ላይ «ዶክተር» የሚል የተጻፈበት ክፍል አለኝ። ሰው ቢሰማ ማን በማን ሊቀና ነው ብሎ ይስቃል። ግን ቅናት እንደሆነ ደረጃና ማዕረግ አይጠይቅም፤ የኔው ከሹመቱም በኋላ አንጀቴን መብላቱን አልተወም።

ባለፈው ሰኞ ቢሮዬ ውስጥ አንድ ነገር እጄ ገባ። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን አንቺ አታውቂውም ብዬ ሰባት ዓመት የኖርኩበትን ጉድ ከሥሩ ልንገርሽ።

ጥንድ የመረጥንበትን ሳምንት ታስታውሻለሽ? የመመረቂያ ጽሑፉን ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ በተባልን ጊዜ ኮሪደሩ የሠርግ ገበያ መስሎ ነበር። ከኛ በፊት የተመረቁት ልጆች «ጥንድ መምረጥ ባል ከመምረጥ ይከብዳል፤ ባልን ቢያንስ እናት ትመርጥልሻለች» እያሉ ያስፈራሩን ነበር። እኔ አንቺን የመረጥኩት ሰው ሁሉ ስለሚወድሽ ነው። አንቺ እኔን የመረጥሽው ሳነብ ስለማልሰለች ነው፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነገርሽኝ፤ «አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እለፈልፋለሁ፣ በመሃል አንድ ሰው ይወጣናል» ብለሽ። ሳቅኩ። በሆዴ ግን ታዲያ ሰው የሚባለው የትኛው ግማሽ ነው ብዬ ነበር።

አማካሪያችን ኡስታዝ ዘርዋል የመጀመሪያውን ርዕሳችንን ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሹት አይረሳኝም። «የቁሰንጢና የእጅ ሥራ ከጥንት እስከ ዛሬ» ብለን ነበር የጻፍነው። «ልጆቼ፣ ይሄ ርዕስ ነው ወይስ ክፍለ ሀገር?» አሉ። ቀጥለውም ከከተማው ውስጥ በእጃችን ልንዳስሰው የምንችለው፣ ሰው ሊጣላበት የሚችል አንድ እቃ ብቻ እንድንመርጥ አዘዙን። እኔ ስለ የትኛው እቃ ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ አንቺ በመስኮቱ የሚገባው የጽጌረዳ ሽታ ብቻ በቃሽና «ቀጣራ» አልሽ። ልክ የአሁኑ ሰሞን ነበር፤ በየቤቱ አበባው በዚያ የመዳብ እቃ እየፈላ ውሃው ጠብ ጠብ የሚልበት። «አበጀሽ! ጥያቄሽስ?» ሲሉሽ፣ «ባለ ሁለት አፍንጫውን ማን ሠራው? እኛ ነን እንላለን፣ ቱኒዞች ደግሞ እኛ ነን ይላሉ» አልሻቸው። «እሱ ጥያቄ ነው። በሉ መልሱን ሳታውቁት ሂዱ፤ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አይመረምርም፣ ምስክር ይገዛል እንጂ» ብለው አሰናበቱን። ከበሩ ስንወጣ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ደግሞ የምትለውን ጻፊላት» አሉኝ። ቅናቱ ያን ቀን ነው የጀመረኝ።

ሥራውን ተካፈልን፤ አንቺ ቤት ለቤት፣ እኔ ቤተ መጻሕፍት። ያንን ክፍል ደግሞ እወደው ነበር፤ አልዋሽሽም። መጽሐፍን ከኋላው እጀምራለሁ። ዋቢዎቹን አይና ጸሐፊው ማንን አንብቦ ይህን እንዳለ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወደ ተጠቀሰው ሰው እሄዳለሁ፣ እሱም ወደ ሌላው ይልከኛል፤ እንዲህ እያልኩ የዘመድ ቤት ለቤት እንደሚዞር ሰው እውላለሁ። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ካርድ ነበረኝ፤ የሰው ቃል በቀይ፣ የራሴ ሐሳብ በሰማያዊ፣ ገጹ ከላይ። የሰውን ቃል የራሴ አድርጌ እንዳልጽፍ። አንቺ ደግሞ በመድኃኒት ቤት ከረጢት ላይ ትጽፊ ነበር፤ በእጅሽ ጀርባ ላይም ጽፈሽ እጅሽን ታጥበሽው ታውቂያለሽ። «ገጹ ስንት ነው?» ስልሽ «በወፍራሙ መጽሐፍ፣ መሃል አካባቢ» ትዪኝ ነበር። ያንን መሃል አካባቢ ፍለጋ ስንት ከሰዓት በኋላ እንዳለቀ እኔ ነኝ የማውቀው። እና ጥፋቱ ያንቺ፣ ልፋቱ የኔ፣ ሙገሳው የጋራ ይሆን ነበር። የጋራ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር።

በአሮጌው ሰፈር በስዊቃ፣ አሮጊቷ ላላ ዝሁር ቤት የሄድንበትን ቀን እንዴት ልርሳው። ሃያ ሁለት ጥያቄ አዘጋጅቼ፣ በቁጥር ደርድሬ፣ ንጹሕ ገልብጬ ይዤ ሄድኩ። አሮጊቷ ግቢው መሃል የአበባ ክምር ከበው ተቀምጠዋል። እኔ ቆሜ አንድ ብዬ ጀመርኩ። «አዎ።» ሁለት። «አይደለም።» ሦስት። «አላህ ያውቃል።» ስምንተኛው ላይ ስደርስ አንቺ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ያለ ፈቃድ ከጎናቸው ተቀምጠሽ ቅጠሉን ከእንብርቱ መለየት ጀመርሽ። «እንዲህ አይደለም አንቺ ጅል፤ አረንጓዴው ከገባ ውሃው ይመርራል» ብለው እጅሽን በጥፊ መቱሽ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስለ አያታቸው እያወሩ ነበር፤ መዳብ ቀጥቃጩ ሐጅ ዐሊ በን ጣባል፣ ጎርፍ ድልድዩን በወሰደበት ዓመት ሥራ ፈትተው ቤት ውለው ሳለ ባለ ሁለት አፍንጫውን ቀጣራ ከራሳቸው አእምሮ አውጥተው እንደቀጠቀጡት። ከሳጥን ውስጥ ማኅተማቸው ያለበትን ቀጣራ ሳይቀር አውጥተው አሳዩሽ። ወደ እኔ ወደቆምኩት በአገጫቸው እያመለከቱም «ይቺ ጓደኛሽስ ከግብር ቢሮ ነው የመጣችው?» አሉ። መንገዱን ሁሉ ስትስቂ ሄድሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ሃያ ሁለቱን ጥያቄ ቀደድኳቸው።

ከዚያ ሦስተኛው ምዕራፍ ተጻፈ፤ ያንቺው። ኡስታዝ ዘርዋል ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። «ይሄ ነው ምርምር! እኚህ ሴትዮ ከማለፋቸው በፊት ማን ደረሰላቸው?» አሉ፣ ሰው ሁሉ ወዳንቺ ዞረ። የኔን ሁለት ምዕራፎች፣ መቶ አርባ ስድስት የግርጌ ማስታወሻ ያለባቸውን፣ ሲመልሱልኝ «ንጹሕ ነው» አሉኝ። ንጹሕ! አንሶላ ነው እንዴ? እናቴ እንኳን ያንቺን ታሪክ ለጎረቤት ትተርክ ጀመር። አንድ ቀን «አንቺስ ምን ጻፍሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ ከማድ ቤት ወጥቼ ሄድኩ። ስትስቂ እቀናለሁ፤ ስታረፍጂ ሰው ሲጠብቅሽ እቀናለሁ፤ በእጅሽ ጀርባ ላይ የጻፍሽው እንኳን ከካርዶቼ ይልቅ ሕይወት ያለው ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ልግባ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ዋቢ ተነሥቼ አንዲት ስስ ግራጫ ጥራዝ አገኘሁ። በፈረንሳዮቹ ጊዜ አንድ የጉምሩክ ጸሐፊ ያዘጋጀው የንግድ ዘገባ ነው። አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ ከቱኒዝ የገቡ ዕቃዎች ተዘርዝረዋል። «የጽጌረዳ ማፍሊያ ቀጣራ፣ መዳብ፣ ባለ ሁለት አፍንጫ፣ አሥራ ሁለት» ይላል። ተቀባዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሐጅ ዐሊ በን ጣባል። ዘመኑ ከጎርፉ ዓመት አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ። ሐጁ መጀመሪያ አስመጥተው ሸጡት፣ ኋላ አይተው ቀጠቀጡት፣ ማኅተማቸውን መቱበት፤ የልጅ ልጃቸው ላላ ዝሁር ደግሞ የሰሙትን በቅንነት ነገሩሽ። ሦስተኛው ምዕራፍ ከነግርማው ፈረሰ።

ወዲያው ሮጬ ልነግርሽ ተነሥቼ ነበር፤ በአላህ ይሁንብኝ ተነሥቼ ነበር። ደረጃው ላይ ስደርስ አንድ ነገር አሰብኩ። ብነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ? አታለቅሺም። «ወይ ጉድ! እንግዲያው የሰው እቃ እንዴት የኛ እንደሚሆን እንጻፋ!» ትያለሽ፤ ትጽፊዋለሽም፤ ከበፊቱም አሳምረሽ ትጽፊዋለሽ፤ ኡስታዝ ዘርዋልም ጮክ ብለው ያነቡታል። ያገኘሁት እኔ ሆኜ ሳለ ብርሃኑ ደግሞ አንቺ ላይ ይውላል። ይህን መታገሥ አቃተኝ። ተመልሼ ጥራዟን አነሣሁና ከንግድ ታሪክ መደርደሪያ ወስጄ በሌላኛው ጥግ፣ ንብ ስለማርባት ከተጻፉት መጻሕፍት መሃል ሰካኋት። እዚያ አቧራው ጣት ያሰምጥ ነበር። የታሪክ ተማሪ ንብ ፍለጋ አይሄድም ብዬ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የቀጠለው ነው። ብዙ ጊዜ «አንድ ምስክር ብቻ ይዤ ፈርቻለሁ፤ በጽሑፍ የሰፈረ ነገር አላገኘሽልኝም?» እያልሽ ትወተውቺኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዓይንሽን እያየሁ «የለም፤ ቢኖር አላጣውም ነበር» እልሽ ነበር። አንዴ እፎይ ብለሽ «አንቺ የለም ካልሽ የለም» አልሽኝ፣ አቅፈሽም ሳምሽኝ። ያንን መሳም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጽሑፉ ግንቦት አጋማሽ ላይ ተጠርዞ አራቱም ቅጂ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ እያንዳንዳችን የየራሳችንን መታሰቢያ ጽፈን ነበር። እኔ ለወላጆቼ፣ ለኡስታዝ፣ ለሁሉም አስተማሪዎቼ ብዬ ጨረስኩ። ያንቺን ያነበብኩት ከተጠረዘ በኋላ ነው፤ ከእናትሽ ቀጥሎ «እኔ የማላየውን ለምታይልኝ ለጥንዴ» ይላል። በዚያም ተናደድኩ። አየሽ፣ በደግነት እንኳን ቀድመሽኝ ተገኘሽ።

በሰኔ አሥር፣ ጽሑፋችንን በፈታኞች ፊት ባቀረብንበት ቀን፣ አዳራሹ እንደ ሠርግ ቤት ተሞላ። የናቶቻችን ፉክክር ራሱ ሌላ ፈተና ነበር፤ እናቴ ለሳምንት የጋገረችውን በቅላዋና መቅሩድ ደርድራ ስታበቃ አክስቶችሽ በየትሪው ጀውዚያ የሚባለውን የማርና የለውዝ ጣፋጭ ይዘው ገቡ፤ እናቴ «ይሄ ሁሉ ሰው የኛን ጣፋጭ ሊበላ ነው ወይስ ሊቆጥር?» ብላ አጉረመረመች። እኔ አቀረብኩ፣ አንቺ አቀረብሽ፣ ሰው ሳቀ፣ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ከአልጀርስ የመጡት ፈታኝ፣ ፕሮፌሰር ሓሚዳ፣ ሦስተኛውን ምዕራፍ ገለጡ። ቀስ ብለው፣ ያለ ክፋት፣ «የጉምሩኩን የንግድ ዘገባ አይታችሁታል ወይ? እዚያው አልጀርስ አንብቤዋለሁ፤ የናንተም ቤተ መጻሕፍት ቅጂ እንዳለው ማውጫው ላይ አይቻለሁ» አሉ። ገጹንም ነገሩን። አርባ ሦስት።

እኔ ፊቴ ያለውን የውሃ ጠርሙስ አየሁ። ላቡ ወደ ጠረጴዛው ልብስ ሲወርድ አየሁ። አንቺ ተነሣሽ። «አላየሁትም ፕሮፌሰር። አልፈለግሁትምም። ስንፍናዬ ነው። ጥንዴ ሁለተኛ ምስክር ፈልጊ እያለች ትወተውተኝ ነበር፤ እኔ ነኝ አሮጊቷን ወድጄ ነገሩን የተውኩት። ምዕራፉ የኔ ነው፤ እሷን አይመለከትም» አልሽ። ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። ኡስታዝ ዘርዋል አንገታቸውን ደፉ። እናትሽ ምን እንደተባለ ሳይገባት ለክፉም ለደጉም ብላ እልል አለች።

ለኔ ከሃያው አሥራ ሰባት፣ ላንቺ አሥራ ሦስት ተሰጠን። ለዶክትሬቱ ውድድር ክፍላችን አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያቀርበው፤ እኔን አቀረበ። ደስ ያለኝ ይመስልሻል? ፕሮፌሰር ሓሚዳ ውጤቱን ካነበቡ በኋላ ወርደው ያቀፉት አንቺን ነው። «ስሕተቷን እንዲህ ቆማ የምትቀበል ተማሪ በሃያ ዓመት አላየሁም» ሲሉ ሰማኋቸው። እኔን ግን እጄን ብቻ ጨበጡኝ። ወድቀሽም የምትቀድሚኝ ለምንድን ነው ብዬ የጀውዚያ ትሪ ይዤ ጥግ ላይ ቆምኩ። በዚያው ክረምት አግብተሽ ወደ ጉልማ ሄድሽ። ሠርግሽ ላይ ዘፈንኩ፣ ሒናም ተቀባሁ፤ በልቤ ግን እፎይ፣ ከእንግዲህ ከጎኔ የሚያበራ የለም እያልኩ ነበር። አየሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ?

እፎይታው ግን አልመጣም። ላላ ዝሁርን ሊሞቱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ሄጄ ነበር፤ ዶክተር መሆኔን ስነግራቸው «ማሻአላህ፣ ያቺ ሳቂታዋስ የት ገባች?» አሉኝ። ኡስታዝ ዘርዋልም ጡረታ ሲወጡ በንግግራቸው መሃል ስላንቺ አንሥተው «ጥሩ ጥያቄ የምትጠይቅ ልጅ ነበረችን» አሉ። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ ነበር።

አሁን ወደ ባለፈው ሰኞ ልምጣ። ዘንድሮ የማማክራቸው ጥንድ ልጆች አሉኝ። ስለ ጂጀል ተራሮች ማር ነው የሚጽፉት። በመጀመሪያው ቀን «እንዴት ነው የሚመረመረው ኡስታዛ?» ሲሉኝ የማውቀውን ሁሉ ሰጠኋቸው። ርዕሱን አጥብቡ፤ መጽሐፉን ከኋላው ጀምሩ፤ የሰውን ቃል ከራሳችሁ ለዩ፤ ሰው ስትጠይቁ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን ሥራ አስይዙ፤ በአንድ ምስክር ግን አትፍረዱ። ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ ወረቀትም ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለቱን አገናኟቸው። ደብተራቸውን እያዩ ጻፉ። እነዚህን ሁሉ ስናገር ግማሹ ያንቺ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ ግን ስምሽን አልጠቀስኩም። ዋቢ አልሰጠሁሽም።

ሰኞ ዕለት ትንሿ ልጅ ቢሮዬ ገባች። ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ስስ ግራጫ ጥራዝ አስቀምጣ «ኡስታዛ፣ ንቦቹ መሃል የጉምሩክ ነገር ምን ይሠራል?» አለችኝ። «የተሳሳተ ቦታ ገብታ ይሆናል» አልኳት። «ስምዎም አለበት እኮ» አለች እየሳቀች፣ የኋላ ሽፋኑን ገልጣ።

የመጻሕፍት ጠባቂውን የዐሚ ሳሌህን ካርድ ታስታውሻለሽ? «መጽሐፌን ነክቶ ስሙን ያልጻፈ በር ላይ እጁን እፈትሻለሁ» የሚሉትን? በእያንዳንዱ ጥራዝ መጨረሻ የተለጠፈውን፣ ያነበበ ሁሉ ስሙንና ቀኑን የሚያሰፍርበትን። ከኔ በፊት አንድ የማላውቀው ሰው አለ፣ ከብዙ ዓመት በፊት። ከዚያ በኔ ጥንቁቅ ጽሕፈት የኔ ስም፤ መጋቢት አሥራ አንድ። ለመደበቅ ከማሰቤ በፊት ልማድ ሆኖብኝ የጻፍኩት ነው።

ከኔ ሥር አንድ ስም አለ። ጽሕፈቱ ወደ ላይ ያጋደለ፣ እንደ ሩጫ። ቀኑ ሰኔ ሁለት።

ልጅቷ «ጓደኛዎ ናት?» አለችኝ። «ጥንዴ ናት» አልኳት። ልጅቷን ዕረፍት ላክኋትና በሩን ዘጋሁ። ለረጅም ሰዓት ቀኑን ብቻ አየሁት። ሰኔ ሁለት፣ ሰኔ አሥር። በመሃሉ ስምንት ቀን አለ። አዳራሹ ውስጥ ቆመሽ ጥፋቱን ስትወስጂ ገጹንም፣ ከስምሽ በላይ ያለውን ስሜንም አይተሽ ነበር ማለት ነው። በእነዚያ ስምንት ቀኖች ውስጥ ምን ምን እንደሠራን ለማስታወስ ሞከርኩ። አንዱን ቀን ለአዳራሹ ልብስ ልንገዛ አብረን ገበያ ሄድን፤ ያቺን ነጭ ሸሚዝ የመረጥሽልኝ አንቺ ነሽ። «ይሄ ፊትሽን ያበራዋል፤ ያን ቀን አንቺ ነሽ መታየት ያለብሽ» አልሽኝ።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። እኔ ሰባት ዓመት ከአረሙ መሃል ሆኜ ማሳዬ ያማረ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ለክፍሉ ኃላፊ ነው። ዘገባውን ማን አግኝቶ ማን እንደደበቀው፣ ማን የማን ጥፋት እንደተሸከመ ይናገራል። የዓርብና የቅዳሜው ዕረፍት አልፎ እሑድ ሥራ እስኪጀመር ሳልጠብቅ ነገ ቤታቸው ወስጄ እሰጣቸዋለሁ፤ እስከ እሑድ ካቆየሁት ራሴን አላምነውም። ወንበሩን ሊወስዱት ይችላሉ። ይውሰዱት። ለእናቴ ምን እንደምላት አላውቅም፤ ምናልባት እሷ «ድሮም የእሷ ነበር» ትለኝ ይሆናል፣ ያንንም ስሰማ እንደምቀና አውቃለሁ። የዶክትሬቱ ውድድር ምዝገባ በመስከረም ይከፈታል፤ የዕድሜ ገደብ የለውም፤ ቅጹን አጥፌ እዚህ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። ምዕራፉን እንደገና ጻፊው። የሰው እቃ እንዴት የኛ እንደሚሆን ጻፊው። እኔ የጻፍኳቸውን ካርዶች በሙሉ፣ ቀዩንም ሰማያዊውንም፣ በጉልማ አውቶቡስ እልክልሻለሁ።

ይቅር በይኝ። ይህን ቃል ከመጻፌ በፊት ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ካቃተሽም አልፈርድብሽም፤ አንቺ ግን እንደማያቅትሽ አውቃለሁ፤ ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ማውጫው በንግድ ታሪክ ውስጥ አለ ይላል፤ እዚያ የለም። ዐሚ ሳሌህ አያውቁም ነበር፤ ጠይቄአቸዋለሁ። ያቺን መደርደሪያ ከነዚያ አቧራው ላይ ከቀሩት የኔ ጣቶች ምልክት በቀር የነካት ነገር አልነበረም። እኔ ቤተ መጻሕፍቱን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ፤ ተማሪም አስተማሪም ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አስቤ ሊገባኝ አልቻለም። ንቦቹ መሃል እንዴት አገኘሻት?

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ለእናትሽ ጉልበት ይስጣት፤ ቤትሽን በሳቅ ይሙላው፤ እኔ ካሰብኩልሽ ክፉ ሁሉ ያርቅሽ። ጽጌረዳው አልቆ ከመርገፉ በፊት መልስሽ ይድረሰኝ።

ያንቺው፣
ጥንድሽ